ስምንተኛው መደብ

የገና ዕለት ረፋድ ላይ አንድ ጋሪ ከሀሊሜ ሱቅ ፊት ቆመ። ባለጋሪው ከመቀመጫው ሳይወርድ ጥቁር ፌስታል በመስኮቱ አቀበላትና «ለአስተማሪዋ ነው» ብሎ ፈረሱን አዞረ። ሀሊሜ ፌስታሉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

«ምሥራቅ! ነይ ውሰጂልኝ ይህን ጉድሽን! ስኳሬን ደም ሊያስነካብኝ ነው!»

ወጥቼ ተቀበልኳት። ሥጋ ነበር፤ ሙቀቱ ገና ያልለቀቀው የቅርጫ ሥጋ።

«ዘንድሮም?» አለችኝ።

«ዘንድሮም። ማን ሰጠህ አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ እንጂ። መናኸሪያ ላይ አንድ ረዳት ሰጠኝ አለ። የየት አገር መኪና? አላየም። ረዳቱን ማን ሰጠው? አያውቅም። በቃ፣ የቀረውን አንቺ ድረሺበት። መርማሪዋ አንቺ ነሽ።»

ሀሊሜ ጎረቤቴ ናት። ከአባቷ በወረሰችው ሱቅ ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ትቀመጣለች፤ እኛ ሠፈር የሚያልፍ ነገር ሁሉ በእሷ መስኮት ነው የሚያልፈው። እኔ የምበላውን ሥጋ እሷ አትበላም፣ እሷ የምትበላውን እኔ አልበላም፤ ከዚያ በቀር የማንካፈለው ነገር የለም። መጽሐፎቼንም ታነባለች። የምታነበው ግን ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ ነው። «ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከሰዎቹ ጋር መቀመጥ አልችልም» ትላለች። ስንት ጊዜ ተጣልቻታለሁ።

ባሌ ይኸነው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የሞተው በዚሁ በገና ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በየገናው አንድ ሰው የቅርጫ ድርሻ ይልክልኛል። የመጀመሪያው ዓመት ማን እንደላከው ለመጠየቅ አቅም አልነበረኝም፤ ተቀበልኩና ለጎረቤት ሰጠሁት። በሁለተኛው ዓመት መንገዱ ክፉ ነበር፣ መኪና አንድ ቀን ሄዶ ሦስት ቀን ይቆም ነበር፤ ሥጋው ግን በማግስቱም ቢሆን ደረሰ። ያን ዓመት በላሁት። ስበላው ይኸነውን የሚያስብ አንድ ሰው ከእኔ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ አለ ብዬ ነበር። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ፌስታሉን ይዤ ገባሁና በትሪ ላይ ዘረገፍኩት። ሙሉ መደብ ነበር፤ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ተቆርሶለታል። ከመካከሉ አንድ ጠንካራ ነገር ጣቴን ነካኝ። አጥንት መስሎኝ አወጣሁት። ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን ነው።

ትሪው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ቅርጫ ሲታረድ ሥጋው ከተደለደለ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ዕጣውን ይሰጣል። አንዱ ስንጥር ይሰጣል፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር። ሥጋውን ያላየ ሰው ተጠርቶ ዕጣዎቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል፤ ዕጣህ ያረፈበት መደብ ድርሻህ ነው። ይኸነው የሚሰጠው የእስክሪብቶ ክዳን ነበር። ኪሱ እስክሪብቶ አጥቶ አያውቅም፤ አብረውት ቅርጫ የሚገቡት ገበሬዎችም በዚያ ይስቁበት ነበር። ክዳኑን ሥጋው ውስጥ እየረሳ ያመጣዋል፣ እኔ ሳጥብ አገኘዋለሁ፣ እንስቃለን።

እንግዲህ አንድ ሰው ሥጋ ገዝቶ አልላከልኝም። አንድ ሰው በሞተ ባሌ ስም ቅርጫ ገብቶ፣ ባሌ ይሰጠው የነበረውን ዕጣ እየሰጠ ድርሻውን ያወጣለታል። ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያ በፊት እሳት ላይ ላደርገው አልቻልኩም።

ገናችን ትንሽ ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ቤት ውስጥ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፣ ድፎ ዳቦ እንቆርሳለን፣ እሱ ከቅርጫው ሥጋውን ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ መጽሐፍ እናነባለን። ባሕር ዳር በሄደ ቁጥር ከመንገድ ዳር ሻጮች የሚያመጣቸው ገጻቸው የወየበ የወንጀል ልብ ወለዶች ነበሩን። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ አለች፤ አንድ ሰው በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሞታል፣ ማንም ግን አጥብቆ አያለቅስም፤ ከዚያ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ወይም አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነገሩን ቀስ ብለው ይፈቱታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው በስሙ ይጠራል፣ ከተማዋም እንደ ድሮዋ ትሆናለች። መጽሐፉን የምንጀምረው በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ነው፤ በየተራ ጮክ ብለን እናነባለን። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለገና ቀን እናቆየዋለን። ከማንበባችን በፊት ሁለታችንም የገዳዩን ስም በቁራጭ ወረቀት እንጽፋለን፤ የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል። ከእሱ ወዲህ ለብቻዬ አነባለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አንብቤ አላውቅም።

ክዳኑን አጥቤ ሥጋውን ደግሜ አየሁት። ጎድኑ ላይ ደቃቅ ቅጠሎች ተለጥፈዋል፤ እንደ ላባ የተሰነጣጠቁ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ዲከረንስ ነው። እዚህ ዳንግላ ውስጥ ቅርጫ የሚደለደለው በላስቲክ ላይ ወይም በኮባ ቅጠል ላይ ነው። የዲከረንስ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥጋ የሚደለድልበት፣ ለከሰል ብሎ ዛፉን በጓሮው የተከለ ሰው ነው። ይኸነው የደን ባለሙያ ነበር፤ የሥራ ቦታው አዲስ ቅዳም የምትባለው የጎረቤት ከተማ፣ ሥራው ከዚያ ዛፍ ጋር። ቅርጫውንም የሚገባው እዚያው፣ ስምንት ሆነው፣ በሽማግሌው በአያ ወገኔ ግቢ ነበር።

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ሀሊሜ ከመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«ወዴት ነው? የገና ቀን ሥጋ ትሪ ላይ ተትቶ?»

«አዲስ ቅዳም። ደርሼ እመለሳለሁ።»

«የላከውን አገኘሽው?»

«ሠፈሩን አግኝቻለሁ። ሰውየውን ገና።»

«ስታገኚው ምን ልትዪው ነው?»

«እግዜር ይስጥልኝ እለዋለሁ።»

«እህቴ፣ ሰው ደግ ሲሠራ ለምንድን ነው የሚደበቀው? እኔ ለአንቺ ሩብ ኪሎ ስኳር ስሰጥ እንኳ ሠፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ነው የምጮኸው።»

ሳቅሁላት። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አብሮኝ የሄደው ይህ ቃሏ ነው።

ይኸነው ስለሞተበት ነገር የማውቀው ጥቂት ነው። ያን ቀን ከቅርጫው በኋላ ለገና ጨዋታ ቀርቶ ነበር፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሲጋጠሙ። አመሻሽ ላይ ከጆሮው ጀርባ አብጦ እየሳቀ መጣ። «ሩር ነካችኝ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። ራት ሳይቀርብ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ከአዲስ ቅዳም መጡ። «በጨዋታ መካከል የሆነ ነው እህታችን፤ የማንም እጅ አይደለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም?» አሉኝ። ሜዳ ሙሉ ሰው የነበረበትን ነገር አንድም ሰው አላየውም። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ። አልተቆጣሁም፤ ማንን እቆጣለሁ? ሩር ነበረች፣ ሩር ድቡልቡል እንጨት ናት። ሰዎቹም በአርባው ተዝካሩን በልተው ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም።

ሚኒባሱ ከዳንግላ ወጥቶ የከሰል ጆንያ የተደረደረበትን መንገድ ሲይዝ ነገሩ በራሴ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። ስጦታውን የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ስጦታውን አይደለም። ሥጋውን የላከውን ሰው ካገኘሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን መታው ብዬ ሳልጠይቅ የኖርኩትን ሰውም አገኘዋለሁ። ከሚኒባሱ መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም።

የአያ ወገኔ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ባለ የጭቃ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ አምስት ስድስት ወንዶች ጠላቸውን ይዘው በአገውኛ ይቀላለዳሉ። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ይኸነው ይሰማ ነበር። ስገባ ሳቁ ቆመ። ሁሉም ብድግ አሉ፣ ወሬውም ለእኔ ሲባል ወደ አማርኛ ዞረ።

«የይኸነው ሚስት!» አሉ አያ ወገኔ። «ኧረ ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ውብአየሁ! ዳቦ አምጪ! መምህርት መጥታለች!»

«መምህርት ከመጣችማ ፈተና ነው» አለ አስማረ የሚባለው፣ ቀጭንና ረጅም ሰው። ይኸነው ስለ እሱ ቀልድ እያመጣ ያስቀኝ ነበር። «እኔ አልኮረጅኩም በሉልኝ!»

«አንተ ምኑን ትኮርጃለህ፣ ማንበብ ሳትችል!» አለው ሌላው፣ ሳቁም ተመለሰ።

ባለቤታቸው እትዬ ውብአየሁ ዳቦና ጠላ አቀረቡልኝ። ቀመስኩ። ከዚያ ክዳኑን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ በመዳፌ ላይ አሳየኋቸው።

«አያ ወገኔ፣ ይህ ዛሬ ከደረሰኝ ሥጋ ውስጥ ተገኘ። በየገናው ሥጋ ይመጣልኛል። የላከልኝን ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ክዳኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «የይኸነው ዕጣ» አሉ በቀስታ።

«ኧረ የማን ሥራ ነው?» አለ አስማረ። ዙሪያውን አይቶ አጠገቡ ወደተቀመጠው ዞረ። «አንተ ነህ እንዴ? አንተማ አትሆንም፤ አንተ የራስህን ድርሻ ለመክፈል እንኳ ታቃስታለህ።»

«ቅርጫው ውስጥ አሁን ስንት ናችሁ?» አልኩ።

«ሰባት ነን። እሱ ከሄደ ሰባት ቀረን።»

«መደቡስ?»

«መደቡ ስምንት ነው» አሉ አያ ወገኔ። «ስምንተኛውን ዓለምነው ለአማቱ ይወስዳል። አማቱ ደካማ ናቸው፣ አዝኖላቸው ነው። ዕጣውንም ሁለት አድርጎ እሱ ይሰጣል።»

«ዕጣውን አይታችሁት ታውቃላችሁ?»

«የሰው ዕጣ ማን ያያል ልጄ? ተጨብጦ ይሰጣል፣ በባርኔጣ ይሰበሰባል። መደቡ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም የራሱን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

እትዬ ውብአየሁ ባዶ ዋንጫ ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ነበር። «የምን አማት?» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ሚስቱ ጥላው ከሄደች ስንት ዘመኗ። የምን አማት ነው የሚያወሩት እነዚህ።»

የሰማቸው ያለ አልመሰለኝም፤ ወንዶቹ ሴቶች ዕቃ ሲያነሡ የሚሉትን አይሰሙም። እኔ ሰማሁ።

«ዓለምነው የት ነው?» አልኩ።

«ከጓሮ ነው፣ ቆዳውን እየወጠረ። ጨዋታ ሜዳ አይሄድም እሱ። ድሮ ዱላ ከእጁ የማይለይ ሰው፣ አሁን ገና ሲመጣ ቆዳ ለቆዳ ነው።»

ጓሮው ከዲከረንሱ ተክል ጋር ይያያዛል። ዓለምነው ተንበርክኮ የበሬውን ቆዳ በካስማ ወጥሮ ጨው ይነሰንስበታል። ትከሻው ሰፊ፣ ጠጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው ነው። በለቅሶው ላይ አስታውሰዋለሁ፤ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነበር። ጥላዬ ቆዳው ላይ ሲያርፍ እጁ ቆመ።

«መጣሽ» አለ።

«አማት የለህም።»

«የለኝም።»

ጨዉን ከእጁ አራገፈ፣ ግን አልተነሣም። እኔም አልተቀመጥኩም። ከሜዳው በኩል የጨዋታው ጩኸት ይሰማል።

«ሩር አልነበረችም?» አልኩት።

«አልነበረችም። ዱላዬ ነው።»

«አምልጦህ ነው?»

«አምልጦኝ ነው ብልሽ ማን ያውቃል? ለራሴም እንደዚያ እያልኩ ቆይቻለሁ። አላመለጠኝም።»

ከዚያ እየተቆራረጠ ነገረኝ። ላይ ሰፈሮች ሁለት ጊዜ አግብተው ነበር፤ ይኸነው ከእነሱ ጋር ነበር። ያገባ ያልቻለውን በግጥም እየሰደበ ይዘላል፣ ያ ወጉ ነው፤ የተሰደበ ይስቃል። ይኸነውም ወደ ዓለምነው ዞሮ እንዲህ አለ፦

ዱላህን ለሚስትህ ስጣት ዓለምነው፣
ሩር ያልመታ ዱላ ማማሰያ ነው።

«ሁሉም ሳቀ» አለ ዓለምነው። «እኔም ሳቅሁ። ግጥሟ ጥሩ ነበረች። ሚስቴ ከቤት ከወጣች ግን ሦስት ሳምንቷ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች እል ነበር። ይኸነው አያውቅም፤ ቢያውቅ በአፉም አያደርገው። እኔ ግን ማማሰያ ሲል የቤቴ ምድጃ ታየኝ፤ አመዱ እንደቀዘቀዘ። ቀጥሎ ሩሯ እግሩ ሥር ገባች፣ ሰውም ተረባረበ፣ አቧራ ሆነ። ሩሯን መምታት እችል ነበር። አይቻታለሁ፤ እዚህ ጋ ነበረች።» በጣቱ መሬቱን ነካ። «ዱላውን ከፍ አድርጌ አነሣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ወደቀ፣ ወዲያው ተነሣ። ሳቀብኝ። 'ሩር ናት፣ ሩር ናት' አለ ለሰዉ። ያየኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እንዳልጠየቅ ነው እንደዚያ ያለው። እኔ ፈራሁ። ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኩት። 'ዛሬ? በገና ቀን? ምሥራቅ መጽሐፉን ይዛ ትጠብቀኛለች። አንድ ምዕራፍ ነው የቀረን፤ ዘንድሮ ዕቃውን የምታጥበው እሷ ናት' አለኝ። እስከ ሚኒባሱ ሸኘሁት። ሥጋውን ይዤለት ነበር።»

ይህን ሲነግረኝ አንድ የዲከረንስ ግንድ ያዝኩ። እሱ እያለቀሰ ስለነበር አላየኝም።

ይኸነው ያን ቀን ሳይመሽ ነው የገባው። ከዳቦው ትንሽ ቀመሰ፣ ራሱን እንደሚያመው ነገረኝ፣ ጠላው ነው አልኩት። ስሞቹን ጻፍን። እሱ ባለመድኃኒቱን ጻፈ፣ እኔ የሟቹን እህት። የማንበቡ ተራ የእኔ ነበር። ትራስ አስደግፌው ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ። ይኸነው አንኮራፍቶ አያውቅም። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የራስ ቅልን በሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ከአጥንቱ ሥር ደም ቢፈስ አንጎል ምን እንደሚሆን፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚለወጥ ለተማሪዎቼ ነግሬያለሁ። ያን ምሽት ግን የተሰማኝ ቅያሜ ነበር፤ ዓመት የጠበቅነው ቦታ ላይ ለብቻዬ ትቶኝ ተኛ ብዬ። መጽሐፉን መዝጋት ነበረብኝ። ገዳዩን ለማወቅ ቸኩዬ ነበር። ከማንኮራፋቱ በላይ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ ሰላሳ ገጽ ያህል። እህቲቱ ነበረች። አሸነፍኩህ ልለው ዞርኩ። ማንኮራፋቱን መቼ እንዳቆመ አላውቅም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለዓለምነውም አልነገርኩትም።

«ክዳኑን አውቄ ነው የተውኩት» አለኝ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «ሁለት ዓመት ከሥጋው እየለየሁ አውጥቼዋለሁ። ዘንድሮ ተውኩት። አንባቢ ናት፣ ትደርስብኛለች አልኩ።»

«ለምን ራስህ አልመጣህም?»

«መጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ ዳንግላ ድረስ መጥቻለሁ፤ ከጎረቤትሽ ሱቅ ሳሙና ገዝቼ ተመልሻለሁ። አቃተኝ ምሥራቅ። ለእነሱም መንገር አቃተኝ። አሁን አንቺ ግቢና ንገሪያቸው። ስሜን ጥሪ። ተቆጥቶ ነው የመታው በያቸው። ሽማግሌ ይቀመጥብኝ፣ ድንጋይ ልሸከም፣ ደጅሽ ልውደቅ። እንደ ሰው ተይዤ ይለቅልኝ።»

«ይለቅልኝ?»

«እንቅልፍ የለኝም።»

ቆዳውን አየሁት። በደንብ ነው የወጠረው፤ አንድም መጨማደድ የለበትም።

ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ስሙን እጠራለሁ። ግቢው ጸጥ ይላል። አያ ወገኔ ያለቅሳሉ፣ ቄስ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ይንበረከካል፤ ሰዉ ሁሉ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» እያለ ከብቦኝ ይቆማል። እኔም ወጉ ነውና ድንጋዩን ከትከሻው አወርድለታለሁ። ይቅር ብያለሁ እላለሁ። ያን ማታ ይተኛል። ለእሱ ሽማግሌ አለው፣ ድንጋይም አለው። እኔ ድንጋዩን ተሸክሜ ከማን ደጅ እቆማለሁ? ይቅር የሚለኝ ሰው ተቀብሯል፤ ያስቀበርኩትም እኔ ነኝ።

መልስ ሳልሰጠው ዞሬ ገባሁ። ከኋላዬ ሲነሣ ሰማሁ።

ወንዶቹ ወደ እኔ ዞረው ተቀምጠው ነበር። ከሜዳው የተመለሱ ሁለት ሰዎችም ተጨምረዋል፤ ነገሩ ተነግሯቸው ኖሮ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እትዬ ውብአየሁ እንኳ ማድጋቸውን ትተው ከጓዳው ደፍ ላይ ቆመዋል። ዓለምነው ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። እጁ ላይ ጨው አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ፣ ራሱንም ዝቅ አደረገ። እንደዚያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በተሳለ ቢላዋ ፊት የቆመ ሳይሆን፣ ሊታጠብ የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር።

«እህ መምህርት፣ አገኘሽው?» አሉኝ አያ ወገኔ።

ሁሉም ጠበቁ።

«አላገኘሁትም» አልኩ።

ዓለምነው ራሱን ቀና አደረገ።

«ዓለምነውን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት። ድርሻውን ለአማቱ ነው የሚልከው።»

«እንዲያ ከሆነ መልአክ ነው!» አለ አስማረ። «መልአክ ቅርጫ ገባ! ከርሞ የመልአኩን ድርሻ እኔ ልያዝለት፣ አደራ አልበላም!»

ሳቁ። አያ ወገኔም ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ማንም ይሁን ማን፣ ደግ ሰው ነው። ሙት የሚያስታውስ እሱን እግዜር አይርሳው። ቤቱን ይባርክለት።»

«አሜን» አለ ግቢው።

ዓለምነው አፉን ከፈተ። አየሁት። የከለከለው ሰው አልነበረም፤ ሦስት ዓመትም የከለከለው ሰው አልነበረም። ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቆየ፤ እኔ እንድረዳው ነበር የሚጠብቀው። ነጠላዬን አስተካከልኩ። አንዱ «ና እንጂ፣ ምን ቆመሃል፣ ተቀመጥ!» ብሎ በክንዱ ሳበው፣ ዋንጫም አስያዘው። በምርቃቱ መካከል ተቀመጠ።

ዳቦዬን ጨረስኩ። እትዬ ውብአየሁ ለመንገድ አንድ ቁራሽ ጠቀለሉልኝ። ለመሄድ ስነሣ አያ ወገኔ አብረውኝ እስከ በሩ መጡ።

«እንዲህ ጠፍተሽ አትቅሪ ልጄ። ለከርሞም ገናን ከእኛ ጋር አሳልፊ።»

«እመጣለሁ አያ ወገኔ» አልኳቸው፣ ውስጥ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ። «በየገናው እመጣለሁ።»

ዓለምነው ዋንጫውን ሳይቀምስ መሬት ላይ አስቀመጠው።